ጭላዳን ማጥናት፦ ራሱን በራሱ ለሚያስተምር ተፈጥሮ አጥኚ የአንድ ዓመት የአሠራር መመሪያ

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ዋና ምግቡ ሣር በመሆኑ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ ይለያል፤ የእሱው ወገን የነበሩት ሌሎች ዝርያዎች ጠፍተው ዛሬ የሚታወቁት በቅሪተ አካል ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቀው ወዲህ ብዙ ተጽፎለታል፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው ከሰሜን ተራሮችና ከመንዝ ጓሳ የተገኘ ነው። በሌሎች ገደላ ገደሎች አፋፍ ላይ የሚውሉ መንጋዎች ስንት እንደሆኑ፣ በበጋ ምን እንደሚበሉ፣ ወደ ማሳ መቼ እንደሚገቡ ከአካባቢው እረኛ በቀር የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ እረኛውም በጽሑፍ አላኖረውም።

ይህ ክፍተት ዲግሪ በሌለው ሰው ሊሞላ ይችላል። የቺምፓንዚ አጥኚዋ ጄን ጉዶል እ.ኤ.አ. በ1960 በዛሬዋ ታንዛኒያ ወዳለው ጎምቤ ስትሄድ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራትም። የሚያስፈልገው አንድ መንጋ መርጦ ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ ዓይነት አመዘጋገብ ደጋግሞ ማየት ነው። በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ልፋት ፍሬ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ አሥር ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ስለሚሄዱ ነው። አንድ ቦታ ሃያ ጊዜ የሄደ ሰው የሚያወዳድረው ነገር አለው።

ቦታና መንጋ መምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ርቀት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ሊደርሱበት የማይችሉት ቦታ የቱንም ያህል ቢያምር አይመረጥም። ለአዲስ አበባ ሰው ደብረ ሊባኖስ ይቀርባል፤ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በገዳሙና ፖርቹጋል ድልድይ በሚባለው አካባቢ ባለው አፋፍ ላይ ጭላዳ ይውላል፤ ማልዶ የወጣ በዚያው ቀን ይመለሳል። መንዝ ጓሳ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ወደ መሐል ሜዳ ወጥተው ቢያንስ ሦስት ሌሊት ማደር አለብዎት፤ ከፍታውም ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። ሰሜን ተራሮች ከሆነ ጉዞው የሚጀምረው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሲሆን ያለ ስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) መግባት አይቻልም። በአርሲ በኩል፣ በዋቢ ሸበሌ የላይኛው ሸለቆ፣ ከስምጥ ሸለቆው ወዲያ ተነጥለው የሚኖሩ ጭላዳዎች አሉ። በዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ሌላ ቦታ መፈለግ የለበትም፤ ከደጁ ያለው መንጋ ከሁሉም በላይ መረጃ የሚያስፈልገው ነው።

ከርቀቱ ቀጥሎ የመቀመጫው ቦታ ይታያል። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ከገደሉ ወጥቶ ሜዳው አፋፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይቀማመላል፣ ከዚያ ሣሩን እየነጨ ይርቃል፤ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የመውጫ በሩን ከጎን የሚያሳይ፣ ከኋላዎ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከገደሉ ጠርዝም ቢያንስ አምስት ሜትር የራቀ መቀመጫ ይፈልጉ። መንጋው ሲወርድ ተከትለው ወደ ጠርዙ አይሂዱ። እርጥብ ሣርና ጉም ባለበት የሚደርሰው አደጋ ሁሉ የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ የሚቀር ነገር አይደለም። በፓርክና በተጠበቀ አካባቢ ያለው ጽሕፈት ቤት፣ በጓሳ ደግሞ ቦታውን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰብ ይጠየቃል። ከዚያ ውጭ ባለ ቦታ የቀበሌውን ሊቀ መንበርና የአገር ሽማግሌዎችን ማነጋገር ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይያዙ፤ ስምዎ፣ የሚመጡባቸው ቀናት፣ የሚያዩት ነገር፣ እንስሳ እንደማይዙና እንደማያጠምዱ ይጻፍበት። ባይኖክላር አንግቶ አፋፍ ላይ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ እንግዳ የአካባቢውን ሰው ማሳሰቡ ተገቢ ነው። ድሮን ይዞ መሄድ የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ መንጋውን ያስበረግጋል፤ ይተውት። የመንገዱን ሰላም በየጉዞው ዋዜማ፣ እዚያው ለሚኖር ሰው ደውለው ይጠይቁ። ባለፈው ወር ሰላም ነበር ማለት ዛሬም ሰላም ነው ማለት አይደለም።

የሚያዝ ዕቃ

ባይኖክላሩ 8×42 (ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር) ቢሆን ይመረጣል። 10×42 የበለጠ ያቀርባል፤ ግን በነፋስ የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ነፋስ አይጠፋም። ካሜራ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ባይኖር ሥራው አይቆምም። የማይቀረው የሚከተለው ነው፦

ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በኪስ የሚገባ ደብተር፤ ሁለት እርሳስና መቅረጫ (እስክሪብቶ በብርድ ይደርቃል፣ ዝናብ ሲነካው ጽሑፉ ይፈሳል)፤ የእጅ ሰዓት፤ ደብተሩን የሚሸፍን ወፍራም ፌስታል፤ 4 ሜትር ገመድ በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው፤ አራት ችካል፤ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ የተጫነበት ስልክና ፓወር ባንክ። ላጲስ አይያዝም። የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም፤ በኋላ ያ ስህተት የመሰለው ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚኖር ስልኩንና ባትሪውን ደረት ኪስ ውስጥ ይያዙ፤ በቦርሳ የተተወ ባትሪ ሞልቶ እያለ ይጠፋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመጀመሪያውን ቀን ራስ ምታት ቢኖር አያስደንቅም፤ ያን ቀን ለመዝገብ አያውሉት፣ ቦታውን ለመቃኘት ያውሉት።

መንጋውን ማልመድ

በየጉዞው አንድ ዓይነት ልብስ ይልበሱ፤ ቀለሙ የደበዘዘ ይሁን። ፊት ለፊት ቀጥ ብለው አይሂዱ፤ የሚያልፉ መስለው በአግድም እየቀረቡ፣ በየሃያ እርምጃው ይቀመጡ። ዓይን ለዓይን አትኩሮ ማየት ለጭላዳ ማስፈራሪያ ነው፤ ወደ ሣሩ እያዩ መቀመጥ ይሻላል። ሰው ያልለመደ መንጋ ከ100 ሜትር ይጀመራል። ሰው በለመደባቸው ቦታዎች እንኳ ከ15 ሜትር ወዲህ አይጠጉ፤ እነሱ ወደ እርስዎ ከመጡ ባሉበት ዝም ብለው ይቆዩ።

መቅረብዎ እንደበዛ የሚነግርዎት ራሱ እንስሳው ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ የገረጣውን የዓይኑን ቆብ ብልጭ ካደረገ ማስፈራራቱ ነው። የላይኛውን ከንፈር ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይም ተጨንቋል። ቀስ ብለው አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። መንጋው ወደ ገደሉ ከተጣደፈ ግን የዚያ ጠዋት መዝገብ የጭላዳ ሳይሆን የፍርሃት መዝገብ ነው፤ «በረገገ» ብለው ሰዓቱን ጽፈው ከስሌቱ ያውጡት።

ምግብ በጭራሽ አይስጡ። በደብረ ሊባኖስ ዓይነት ጎብኚ በሚበዛባቸው ቦታዎች ዳቦና ሙዝ የሚወረውር አይጠፋም። እንዲህ የተለማመደ እንስሳ ሣር መንጨቱን ትቶ ሰው ይጠብቃል፣ ቦርሳ ይቀማል፣ የአመጋገብ መዝገቡም ትርጉም ያጣል። ሌላ ሰው ሲሰጥ ካዩ «ሰው የሰጠው» የሚል የራሱ ዓምድ ያስገቡለት። ውሻ ተከትሎ እንዳይመጣም እረኞቹን ይለምኑ፤ አንድ ውሻ የወራት ልምምድን በደቂቃ ያፈርሳል።

ፊት መለየት

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ያጥፉ፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የጭላዳ ኑሮ ተደራራቢ ነው። ከሥር አንድ አውራ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር የሚኖርበት ቤተሰብ አለ፤ አንዳንዴ ተከታይ ወንድ ይጨመርበታል። ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። ቤተሰቦች አንድ ላይ ሲውሉ ቡድን፣ ቡድኖች በግጦሽ ሲደባለቁ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ይሆናል። ወንደላጤዎቹ ለብቻቸው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ጀማሪ የሚያየው መንጋውን ነው፤ ሊያጠናው የሚገባው ግን ቤተሰቡን ነው።

ከአንድ ቤተሰብ ይጀምሩ። የሚመረጠው አውራው ከሩቅ የሚታወቅ ምልክት ያለው፣ ለምሳሌ ጆሮው የተቀደደ ወይም ጭራው የተቆረጠ ቤተሰብ ነው። ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ካርድ ይዘጋጅ፤ በላዩ ላይ ባዶ የፊትና የደረት ንድፍ አስቀድሞ ይሳልበት። ከዚያ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ጣት፣ ጭራ እና ደረቱ ላይ ያለው ጸጉር አልባ ቀይ ቆዳ ቅርጹ ምን እንደሚመስል ይሞላ። አውራ ወንድ በ«ወ»፣ ሴት በ«ሴ» እየተቆጠሩ ወ1፣ ሴ1፣ ሴ2 ይባሉ።

ስህተት የሚበዛበት ቦታ ይህ ነው። «ግራ ጆሮ» ሲሉ የእንስሳው ግራ ይሁን፤ ፊት ለፊት ሲያዩት በእርስዎ ቀኝ በኩል ያለው ማለት ነው። ይህን የካርዱ ራስ ላይ በትልቁ ይጻፉት፤ ካልተጻፈ በሦስተኛው ወር ግራና ቀኙ ተምታቶ ሁለት ሴት አንድ ትሆናለች። የደረቱ ቀለም ለመታወቂያ አይሆንም፤ ይለዋወጣል። አውራ ወንድ ደምቆ ይቀላል፣ ወንደላጤው ይደበዝዛል፤ ሴቷ ደግሞ ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ በደረቷ ቀይ ቆዳ ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እብጠቶች ይወጡባታል። ቀለሙንና ዶቃውን እንደ ምልክት ሳይሆን እንደ ዜና በየቀኑ ይመዝግቡት። አንዳንድ ጭላዳ ላይ የሚታየው ትልቅ የተንጠለጠለ እብጠትም እንዲሁ ነው፤ ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ጥገኛ የሚያመጣው ሲሆን ሊያድግም ሊፈነዳም ይችላል። የዚህ ትል እንቁላል የሚወጣው ከውሻና ከመሰል እንስሳት እዳሪ ስለሆነ፣ መሬት ነክተው ምግብ ከመብላትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የምንጭ ውሃም አፍልተው ይጠጡ።

ጎረምሳ ወንድና ጎልማሳ ሴት በቁመት ስለሚቀራረቡ ይምታታሉ። አውራ ወንድ 18 ኪሎ ገደማ ሆኖ ጋማው እስከ ወገቡ ስለሚወርድ አያሳስትም፤ ችግሩ ጋማው ገና ሲጀምር ነው። የወለደች ሴት የጡቷ ጫፎች ደረቷ መሐል ላይ ተቀራርበው ይታያሉ። እስኪያረጋግጡ ድረስ «?» ማድረግ ነውር የለውም፤ ገምቶ መጻፍ ግን መዝገቡን ያበላሻል።

መቁጠር

መንጋ በግጦሽ ላይ ሳለ አይቆጠርም። የሚቆጠረው በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ወይም ማታ በአንድ በኩል ወደ ገደል ሲወርድ ነው። በአንድ ኪስ ጠጠር ይያዙና በየአሥሩ እንስሳ አንድ ጠጠር ወደ ሌላው ኪስ ያሻግሩ፤ ዓይን ከመንጋው ሳይነሳ ይቆጠራል። እናቱ ሆድ ሥር የተለጠፈ ጥቁር ጨቅላ ስለሚያመልጥ፣ ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ጠቅላላውን፣ ሌላው ጨቅላዎችን ብቻ ይቁጠር።

በአንድ ጉዞ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቁጠሩና ሦስቱንም ይጻፉ። 84፣ 91፣ 88 ከሆነ «88» ብቻ አይባልም፤ ሦስቱ ቁጥሮች የቆጠራው እርግጠኝነት ምን ያህል እንደሆነ የሚናገሩት አለና። ከሦስቱ አንዱ በጣም ከራቀ፣ ቡድን ተለይቶ ሄዷል ወይም ተቀላቅሏል ማለት ስለሆነ ዙሪያውን ይቃኙ።

ጠባይ መመዝገብ

ሁለት ዓይነት አመዘጋገብ ይበቃል። ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 የእንስሳት ጠባይ እንዴት መመዝገብ እንዳለበት ካሳየች ወዲህ በየቦታው የሚሠራበት ነው።

የመጀመሪያው ቅኝት ነው። በየአሥር ደቂቃው ቤተሰቡን ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ይቃኙና እያንዳንዱ እንስሳ በዚያች ቅጽበት የሚያደርገውን በአንድ ፊደል ይጻፉ፦ በ (መብላት)፣ ጉ (መጓዝ)፣ እ (ዕረፍት)፣ ቀ (መቀማመል)፣ ጠ (ጠብ)፣ ሌ (ሌላ)፣ ያ (ያልታየ)። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሁለቱን ጫፎች ጨምሮ 25 ቅኝት ይሆናል። በየቅኝቱ 12 እንስሳ ከታየ 300 ነጥብ ይገኛል፤ ከዚያ 165ቱ «በ» ከሆነ ለመብላት የዋለው 55 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ከቁጥቋጦ ሥር ያረፈው አይታይም፣ ሜዳ ላይ የሚበላው ይታያል፤ «ያ» የሚለውን ካልጻፉ የመብላቱ ድርሻ ካለው በላይ ያብጣል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነው፦ 300 ነጥብ ማለት 300 ማስረጃ ማለት አይደለም። አንዱ ሲበላ ሌላውም ይበላል፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ የወሩ ውጤት የሚወጣው ከየቀኖቹ መቶኛ አማካይ ነው። በወር አራት የምልከታ ቀን ያለው ሰው አራት ማስረጃ አለው፤ ያንኑ ብሎ መጻፍ ሥራውን ያስከብረዋል።

ሁለተኛው አንድ እንስሳ ለአሥር ደቂቃ መከተል ነው። ተረኛው በዕጣ ይወጣል። የሚያምረውን ወይም የሚጣላውን እየመረጡ ከተከተሉ መዝገቡ ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሲጣላ እንደሚውል ያስመስለዋል። የአጻጻፉ ምሳሌ ይኸውና፦

2፡14 ሴ2 ወ1ን መቀመል ጀመረች። 2፡19 አቆመች። 2፡20 ሴ5 በሁለት ክንድ ርቀት ቀረበች፤ ሴ2 ተነሥታ ቦታ ለቀቀች። 2፡21 ሴ5 ወ1ን መቀመል ጀመረች።

ከዚህ በላይ ምንም አይጨመርም። «ሴ5 ቀናችባት» የሚለው ደብተሩ ላይ ቦታ የለውም። ሴ5 ስትቀርብ ሴ2 ቦታ የምትለቅ መሆኗ በአሥር የተለያዩ ቀናት ከተደጋገመ፣ የማዕረግ ልዩነት እንዳለ ራሱ መዝገቡ ይናገራል። «ተቆጣ» ከማለት «ከንፈሩን ገለበጠ፣ ቅንድቡን አነሣ፣ ሦስት እርምጃ ሮጠ» ይባል። ሐሳብና ግምት ለማታ ይቆይ፤ በደብተሩ የግራ ገጽ ለብቻው ይጻፍ።

ሰዓትና ቀን

የኛ አጥኚዎች መዝገብ ከምንም በላይ የሚበላሸው በዚህ ነው። ስልኩ ፎቶውን 08፡14 ብሎ ይመዘግባል፣ ደብተሩ 2፡14 ይላል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ማንም አያስታውስም። ሜዳ ላይ በለመዱት በሀገራችን ሰዓት ይጻፉ፤ ፈጥነው የሚያስቡት በእሱ ነውና። ግን በየገጹ ራስ ላይ «ኢት. ሰዓት» የሚል ይኑር፤ ማታ ሲገለበጥ ስድስት ሰዓት ተጨምሮ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ በ12 ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስም ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል። በቃል የሚገለብጥ ሰው በዚያ ዓመት አምስት ወር ተኩል ሙሉ ቀኑን ይስታል። ሜዳ ከመግባትዎ በፊት የስልኩን ሰዓት ከእጅ ሰዓትዎ ጋር ማስተካከልም አይረሳ።

ምን እንደሚበላ

ጭላዳ ቂጡ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ እጁ ሲሞላ ይጎርሳል፣ ሳይነሣ ወደ ፊት ይንፏቀቃል። በባይኖክላር የሚለየው እጁ ነው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ላዩን የሚለቅሙ ከሆነ ቅጠል ወይም ፍሬ ነው፤ ክርኑ ወደ ኋላ እየተሳበ አፈር ከተነሣ ሥር እየቆፈረ ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ቁፋሮው ይበዛል። ስለዚህ «በ» የሚለውን «በቅ» እና «በሥ» ብለው ይክፈሉት፤ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ከነሐሴና ከመስከረም ጋር ሲያወዳድሩ የዓመቱ ዋና ግኝት የሚወጣው ከዚህ ሊሆን ይችላል።

መንጋው ካለፈ በኋላ የበላበት ቦታ ላይ ገመዱን በችካል ወጥረው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካሬ ያድርጉ። የሣሩን ቁመት በአምስት ነጥብ ይለኩ፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ይቁጠሩ፤ ያሉትን ዕፅዋት በአካባቢው ስማቸው ይጻፉ፦ ጓሳ፣ ማገጥ፣ ጦስኝ እያሉ። ከዚያ የሰዓትዎ ሰከንድ ቆጣሪ ወደሚያመለክተው አቅጣጫ ሃያ እርምጃ ሄደው ሌላ ካሬ ይሥሩ። ያልበላበት ካሬ ከሌለ የበላበት ብቻውን ምንም አያሳይም፤ ማገጥ በሁሉም ቦታ ካለ ጭላዳው መርጦት ነው ማለት አይቻልምና። በየጉዞው አሥር ጥንድ ይበቃል። ስሙን ያላወቁትን ዕፅዋት፣ መንቀል በተፈቀደበት ቦታ፣ ከነአበባው በጋዜጣ መሐል አድርገው ከሁለት ካርቶን ጋር ይጫኑት፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ጋዜጣውን በየቀኑ ይቀይሩ፣ አለበለዚያ ይሻግታል። አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ውስጥ ካሉት ናሙናዎች ጋር ማመሳከር ይቻላል።

እረኛና ገበሬ መጠየቅ

የአካባቢው ሰው እውቀት ትልቅ ነው፤ አጠያየቁ ግን ሊያበላሸው ይችላል። «ጭላዳ ገብስዎን ያጠፋል?» ብለው ከጠየቁ «እንዴታ!» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ካሣ ይመጣ ይሆናል ብሎ የሚያስብም ይኖራል። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማሳዎ ላይ ምን ምን ገባ? መቼ መቼ? ማን ይጠብቀው ነበር?» ብለው ይጠይቁና የተጠሩትን እንስሳት በተጠሩበት ቅደም ተከተል ይጻፉ። «ዝንጀሮ» ከተባለ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፦ ደረቱ ቀይ ነው ወይስ አይደለም፣ አፉ እንደ ውሻ ረዝሟል ወይስ አጭር ነው፣ ገደል ያድራል ወይስ ዛፍ ላይ? ሰዎቹን ሳያስፈቅዱ ስማቸውን አይጻፉ፣ ድምፃቸውንም አይቅረጹ።

በመንዝ ደግሞ ስለ ቄሮ ሥርዓት ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ተገቢ ነው። የጓሳ ሣር መቼ እንደሚታጨድና ከብት መቼ እንደሚገባ ለዘመናት የወሰነው ይህ የአካባቢው ሥርዓት ነበር፤ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ዛሬ ጭላዳው የሚበላው ሣር የቆየው በእነሱ አባቶች ጥበቃ ነው፤ ሣሩ የተዘጋበትንና የተከፈተበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው የሚነግረው በየትኛውም ካሬ ሜትር አይገኝም።

ለብቻ የሚመዘገቡ ሁለት ነገሮች

አውራ ሲቀየር። ወንደላጤዎች አንድን ቤተሰብ ደጋግመው መክበብ፣ ማሳደድና ጩኸት መብዛት፣ አውራው ላይ አዲስ ቁስል መታየት ከጀመረ በየቀኑ መሄድ ከቻሉ ይሂዱ። በሰሜን ተራሮች የተደረገ ጥናት አዲስ ወንድ ሲገባ እርጉዝ ከነበሩት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ እንደሚያስወርዱ አሳይቷል፤ ጨቅላም ይገደላል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን አሮጌው አውራ የታየበት፣ የመጀመሪያው ቀን አዲሱ የታየበት፣ የዚያን ዕለት እያንዳንዷ ሴት ጨቅላ ይዛ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ይጻፍ። የእርግዝና ጊዜው ስድስት ወር ገደማ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ባለው ስድስት ወር የሚወለደውና የማይወለደው ትርጉም የሚያገኘው በእነዚህ ቀናት ነው።

ቀይ ቀበሮ። በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሳያስፈራው እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። እዚያ የተደረገ ጥናት ቀበሮው በመንጋው መሐል ሲሆን ከሙከራው 67 በመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ እንደሚሳካለት አሳይቷል። ካዩ ከቅርቡ ጭላዳ ያለውን ርቀት በሜትር፣ የዘለለበትን ቁጥርና የያዘበትን ቁጥር ይጻፉ፤ ያልያዘበትን መተው ውጤቱን ሐሰት ያደርገዋል። የቀበሮ ጉድጓድ ያለበትን ቦታ ግን በኢንተርኔት አያውጡ፤ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ብቻ ይንገሩ።

ማታና በዓመቱ መጨረሻ

በየማታው፣ ድካሙ ምንም ቢሆን፣ የቀኑ መዝገብ ወደ አንድ ንጹሕ ሠንጠረዥ ይገለበጥ፦ በአንድ መስመር አንድ ቅኝት፣ በአንድ ዓምድ አንድ ነገር። ነገ ሲገለበጥ የማይነበብ ፊደል ይገጥማል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ በግምት ይሞላል። ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ከደብተሩ በተለየ ቦታ ያስቀምጡ። የፎቶዎቹ ስም በቀን፣ በቦታና በእንስሳው መለያ ይጀምር፦ «2017-05-12 ጓሳ ሴ4»።

ዓመቱ ሲሞላ አራት ነገር ያውጡ፦ በየወሩ የተቆጠረውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር፣ በየወሩ የቅጠልና የሥር ድርሻ፣ የተወለደና የጠፋ እንስሳ ዝርዝር፣ ወደ ማሳ የገባባቸውን ቀናት። ጠቅላላው አራት ገጽ አይሞላም። ደብዳቤ አያይዘው ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1966 ለተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይላኩ፤ ፎቶዎቹን ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት በሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት በተባለው ድረ ገጽ ላይ ማኖርም ይቻላል። ስለ ማሳው የሚናገረውን ገጽ ደግሞ ለጠየቋቸው ገበሬዎች ራስዎ ወስደው ያንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ቀን ካለ የሚያርሙልዎት እነሱ ናቸው።